እንቅልፍዎን እንዴት ይለካሉ? ከደብተር እስከ እንቅልፍ ላብራቶሪ

«እንቅልፍ እንቢ አለኝ» ብሎ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ የእንቅልፍ ኪኒን ተጽፎለት፣ ወይ «ሐሳብ አታብዛ» ተብሎ ይመለሳል። ሐኪሙም አይፈረድበትም። ወረፋው ረጅም፣ ጊዜው አጭር ነው፤ «አልተኛሁም» ከምትል አንዲት ቃል ተነሥቶ ችግሩን መለየት አይቻልም። የደም ግፊት ቢሆን ክንድ ላይ ጠቅልሎ ይለካዋል። እንቅልፍን ግን እዚያው ወንበር ላይ የሚለካ መሣሪያ የለም፤ ባለቤቱም ተኝቶ ስለሚያድር ስለ ራሱ ሌሊት የሚሰጠው ምስክርነት ጎደሎ ነው።

ይህ መመሪያ ሐኪም ከማየትዎ በፊት ቤትዎ ውስጥ ምን መለካት እንደሚችሉ፣ ከዚያም የትኛው ምርመራ ለየትኛው ችግር እንደሚሆን ያሳያል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ውጭ አገር ሆስፒታል ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኞች አስተረጉማለሁ። በእንቅልፍ ክፍል ቀጠሮዎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ የሁለት ሳምንት መዝገብ ይዞ የመጣ ሰው፣ ውድ የእጅ ሰዓት አስሮ ከመጣው ይልቅ የሚረባ መልስ አግኝቶ ይወጣል።

1. መጀመሪያ ቅሬታዎን ይለዩ

ሰው የሚያመጣው የእንቅልፍ ቅሬታ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው መተኛት አለመቻል ነው፤ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ማምሸት፣ እኩለ ሌሊት ነቅቶ መቅረት፣ ጎህ ሳይቀድ ዓይን መፍጠጥ። ሁለተኛው ተኝቶ አለመጥገብ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው አድረው ስብሰባ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ማንጎላጀት። ሦስተኛው በእንቅልፍ ውስጥ የሚሆን ነገር ነው፤ በእንቅልፍ ልብ መሄድ፣ መጮህ፣ መራገጥ፣ ትንፋሽ አጥሮ መባነን።

መለኪያው በዚህ ይወሰናል። ለመጀመሪያው ዋናው መሣሪያ ደብተር ነው፤ ሽቦ ተለጥፎ ላብራቶሪ ማደር በአብዛኛው አያስፈልግም። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ደብተሩ መነሻ ብቻ ነው። ከአንድ በላይ ቅሬታ ካለዎት ሁሉንም ይጻፉ፤ ማንኮራፋትና እንቅልፍ ማጣት አብረው የሚኖሩበት ሰው ጥቂት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ደብተር አይጠብቅም። መሪ ይዘው ዓይንዎ የተከደነ ከሆነ መንዳት አቁመው ዛሬውኑ ሐኪም ያነጋግሩ። እንቅልፍ ማጣቱ ሕይወትን ከመጥላት ጋር ከመጣም እንደዚሁ።

2. የእንቅልፍ ደብተር፦ ሁለት ሳምንት፣ በየጠዋቱ

ተራ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ መስመር ይስጡና እነዚህን ዓምዶች ያስምሩ፦

- አልጋ ላይ የወጡበት ሰዓት
- «አሁን ልተኛ» ብለው መብራት ያጠፉበት ሰዓት
- እንቅልፍ እስኪወስድዎ የፈጀው ደቂቃ
- ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁ፣ በድምሩ ስንት ደቂቃ ነቅተው እንደቆዩ
- ለመጨረሻ ጊዜ የነቁበት ሰዓት
- ከአልጋ የወረዱበት ሰዓት
- የእንቅልፉ ጥራት፣ ከ1 እስከ 5
- የትናንትናው ቀን፦ ቡና፣ ጫት፣ መጠጥ፣ መድኃኒት፣ የቀን እንቅልፍ፣ ከነሰዓታቸው

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ተስማምተው ያወጡት የጋራ ደብተር በእነዚሁ ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጥናት የየራሱን ቅጽ ስለሚጠቀም የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር አስቸጋሪ ነበር።

ደብተሩን የሚያበላሸው ትልቁ ነገር ሌሊት ሰዓት ማየት ነው። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ ስልክ የከፈተ ሰው ብርሃኑም፣ ስሌቱም፣ የመጣለት መልእክትም ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ግምት ይበቃል፤ «ግማሽ ሰዓት ያህል» ከሆነ 30 ብለው ይጻፉ። የሚሞሉት ጠዋት፣ ከተነሡ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። የዘለሉትን ቀን ባዶ ይተዉት፤ ቅዳሜ ተቀምጦ የሳምንቱን በአንዴ የሚሞላ ሰው የሚጽፈው ትዝታውን እንጂ እንቅልፉን አይደለም።

በፈቃድ መንቃትን ከሕመም ይለዩ። ለማኅሌት የሄደ፣ ለሌሊት ሶላት የተነሣ፣ ሕፃን ያጠባ ሰው እንቅልፍ አጣ አይባልም። እንዲህ ያለውን መንቃት በኮከብ ምልክት ያድርጉበትና «በፈቃዴ» ብለው ይጻፉ። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ የእንቅልፍና የምግብ ሰዓትን ስለሚያዛውር ሐኪሙ እንዲያውቀው ገጹ ላይ ይመዝገብ። ከተቻለ ግን በተለመደው ወራት ይለኩ።

ቡናን «ጠጣሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። አቦል ብቻ ጠጥቶ የተነሣና እስከ በረካ የቆየ ሰው አንድ አይደሉም፤ ስንት ስኒ እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይቁጠሩ። በደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ከሰው ሰውም በእጅጉ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ አሳጥሯል። «እኔን ቡና አይነካኝም» የሚል ሰው ይህን ዓምድ በተለይ በጥንቃቄ ይሙላ። ጫት ከሆነ ደግሞ መቃም የጀመሩበትንና የተነሡበትን ሰዓት ይጻፉ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ጫት ካቆሙም ያቆሙበትን ቀን ያስፍሩ።

3. የሀበሻ ሰዓት ወይስ የፈረንጅ?

ከሁለቱ አንዱን ይምረጡና በደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ይጻፉት። በተለይ ውጭ አገር ላላችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት እናት ቤት ውስጥ የሞሉትን ቅጽ ይዘው መጡ። የምትተኛው፦ 3። የምትነሣው፦ 11። ባለሙያዋ አይታ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኝታ ረፋድ ላይ አምስት ሰዓት የምትነሣ ሴት ናት ብላ ስለ ሰውነት ሰዓት መዘግየት ማውራት ጀመረች፤ ጠዋት ጠዋት የብርሃን ሕክምና ያስፈልጋል እስከ ማለት ደርሳ ነበር። «እናቴ፣ ይሄ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አልኳቸው። «በሀበሻ ነዋ ልጄ! በፈረንጅማ እስከ 11 ማን ያስተኛኛል?» ከምሽቱ 3 እስከ ንጋት 11 ማለታቸው ነው። በሁለቱም ቢቆጠር ስምንት ሰዓት ስለሆነ ስሌቱ ስሕተቱን አላጋለጠውም፤ ሕመሙ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ለቤት ስሌት የምመክረው የሀበሻውን ነው። ሌሊቱ ከ1 ጀምሮ እስከ 12 ስለሚቆጠር መቀነስ ብቻ ይበቃል፤ በፈረንጁ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቁጥሩ ከ24 ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ሰው ይምታታበታል። ንጋት 12 ካለፈ 13፣ 14 እያሉ ይቀጥሉ። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ከቀኑ 8 የሚነሣ ሰው 14 እና 20 ብሎ ይጽፋል፤ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ለውጭ ሐኪም ሲያስረክቡ ብቻ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ገልብጠው ይስጡ።

4. ስሌቱ

አንድ ሌሊት ወስደን እንሥራ። 3፡30 ላይ አልጋ ላይ ወጡ፤ ስልክ ሲነካኩ ቆይተው 4፡00 ላይ መብራት አጠፉ። እንቅልፍ እስኪወስድዎ 45 ደቂቃ ፈጀ። ሌሊት ሦስት ጊዜ ነቅተው በድምሩ 50 ደቂቃ ቆዩ። ለመጨረሻ ጊዜ 11፡15 ነቁ፣ ከአልጋ ግን የወረዱት 12፡00 ላይ ነው።

አልጋ ላይ የቆዩት ከ3፡30 እስከ 12፡00፣ 8 ሰዓት ተኩል ወይም 510 ደቂቃ ነው። እንቅልፍ የወሰደዎ 4፡45 ላይ ስለሆነ እስከ 11፡15 ያለው 390 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ የነቁበትን 50 ይቀንሱ፤ 340 ደቂቃ ይቀራል። የተኙት እንግዲህ 5 ሰዓት ከ40 ነው። 340ን ለ510 አካፍለው በ100 ያባዙ፤ 67 ገደማ ይመጣል። ይህ ቁጥር የእንቅልፍ ብቃት ይባላል፤ አልጋ ላይ ካሳለፉት ጊዜ ምን ያህሉ እውነተኛ እንቅልፍ እንደነበረ ይናገራል። 85 ከመቶና ከዚያ በላይ ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው።

የአንድ ሌሊት ውጤት ምንም አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው 50 ቢያመጣ አይገርምም። የ14ቱን አማካይ ያውጡና የሰዓቱን ብዛትና ብቃቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ንባቡ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው።

ብቃቱ ዝቅ ብሎ አልጋ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ረጅም ከሆነ ደብተሩ ወደ እንቅልፍ ማጣት ያዘነብላል። ሐኪሞች ሥር የሰደደ ነው የሚሉት መተኛት የሚያስችል ጊዜና ቦታ እያለ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ሲዘልቅና ቀኑን ሲያበላሽ ነው። ብቃቱ ከ90 በላይ ሆኖ የተኙት ግን 5 ሰዓት ብቻ ከሆነ ችግሩ ሕመም ሳይሆን የጊዜ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ደብተር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ሰዓቱም ብቃቱም ደኅና ሆኖ ቀን የሚያንቀላፉ ከሆነ እንቅልፉን ውስጥ ለውስጥ የሚቆራርጠው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ጥርጣሬው ወደ ትንፋሽ ይሄዳል። መጠኑ ደኅና ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ከሌላው ሰው ሦስት አራት ሰዓት ከዘገየ ደግሞ የሰውነት ሰዓት ጉዳይ ነው።

5. መጠይቆች፦ ለምን እንደተሠሩ አውቀው ይሙሏቸው

በጥናትም በክሊኒክም ተደጋግመው የሚመጡት አራት ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

የኤፕዎርዝ የእንቅልፋምነት መለኪያን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የሜልቦርኑ ሐኪም መሬይ ጆንስ ነው። ስምንት ሁኔታዎች ይሰጣል፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ አንድ ሰዓት መጓዝና የመሳሰለው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፤ ጠቅላላው 24 ነው፤ ከ10 በላይ ካመጡ ቀን ላይ ያለው እንቅልፍ ከልክ አልፏል። ጥያቄው «ይደክምዎታል?» አይደለም፤ «ያሸልብዎታል?» ነው። ደክሟቸው እንቅልፍ ግን ፈጽሞ የማይወስዳቸው ሰዎች እዚህ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣሉ፤ ትክክልም ነው። «መኪና ውስጥ ሆነው መንገድ ተዘግቶ ቢቆሙ» የሚለውን ሳይነዱ የኖሩ ሰዎች ይዘሉታል። አይዝለሉት፤ ባይደርስብዎትም ቢደርስ ምን ይሆኑ ነበር ብለው እንዲገምቱ ቅጹ ራሱ ይፈቅዳል። ጥያቄውን በቅዳሴ ወይም በታክሲ ወረፋ መለወጥ ግን ነጥቡን ዋጋ ያሳጣዋል።

የፒትስበርጉ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሲሆን ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቃል። ነጥቡ ከ0 እስከ 21 ነው፤ ከ5 በላይ «ደካማ ጥራት» ይባላል። ለኢትዮጵያውያን መሥራቱ ሚዛን አማን ውስጥ ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። በየዩኒቨርሲቲያችን በተማሪዎች፣ በነፍሰ ጡሮች፣ በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚወጡት ጥናቶች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ጥናቶች ቁጥር ሲያነቡ ይጠንቀቁ፤ «ይህን ያህል መቶኛ ደካማ እንቅልፍ አለው» ማለት ያን ያህል ሰው የእንቅልፍ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። ጩኸት ባለበት ዶርም የሚያድር ጤነኛ ተማሪም ከ5 በላይ ያመጣል። መለኪያው ጭስ ያያል፤ የሚነደው ምን እንደሆነ አይናገርም።

እንቅልፍ ማጣት ከሆነ ቅሬታዎ ሰባት ጥያቄ ያለው የእንቅልፍ እጦት ክብደት መለኪያ ይሻላል። ከ0 እስከ 28 ነው፤ እስከ 7 ችግር የለም፣ ከ8 እስከ 14 ቀለል ያለ፣ ከ15 እስከ 21 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። ሕክምና ከጀመሩ በኋላ ደግመው ሲሞሉት ለውጡን በደንብ ያሳያል።

አራተኛው ስቶፕ ባንግ ሲሆን በቶሮንቶ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። ስሊፕ አፕኒያን፣ ማለትም በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥን ለመጠርጠር ያገለግላል። ስምንት የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄዎች አሉት፦ ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሽ ሲቆም ሰው ማየቱ፣ የደም ግፊት፣ የክብደትና የቁመት ምጣኔ ከ35 በላይ መሆን፣ ዕድሜ ከ50 በላይ፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ፣ ወንድ መሆን። አንገትዎን በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሳያጠብቁ ይለኩ። እስከ 2 አነስተኛ፣ 3 እና 4 መካከለኛ፣ ከ5 ጀምሮ ከፍተኛ ሥጋት ነው።

ሴቶች እዚህ ላይ ይጎዳሉ። አንዱ ነጥብ ገና ከመነሻው አይደርሳቸውም፤ «ታንኮራፊያለሽ?» ሲባሉም ብዙዎቹ ከሐፍረት «ኧረ አላንኮራፋም» ይላሉ። አፕኒያ ግን ሴትንም ይይዛል፣ በተለይ ካረጡ በኋላ።

6. የሌላ ሰው ጆሮ፣ ወይም ስልክ

ማንኮራፋትዎን እርስዎ አይሰሙትም። አብሮዎ የሚያድር ሰው ካለ አንድ ሌሊት እንዲያዳምጥ ይጠይቁት፤ ቀልድ እንዳያደርገው ብቻ ምን እንደሚሰማ አስቀድመው ይንገሩት። የሚፈለገው ማንኮራፋቱ ራሱ ሳይሆን ዝምታው ነው፦ ማንኮራፋቱ ይቀጥል ይቀጥልና ድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረት ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን የለም፤ ከዚያ በመታነቅ ወይም በማቃሰት ዓይነት ድምፅ ይመለሳል። ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይቁጠርልዎ። ከ10 በላይ ከሆነና ከተደጋገመ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

ብቻዎን ከሆኑ ስልክዎን በርጩማ ላይ፣ ከራስጌዎ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀምጠው ድምፅ ይቅረጹ። ቻርጀር ላይ ይሰኩት፣ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት። ሙሉውን ማዳመጥ አያስፈልግም፤ ከመንቃትዎ በፊት ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ሰዓታት ይስሙ፤ የሕልም እንቅልፍ የሚበዛውም፣ አፕኒያ ብዙውን ጊዜ የሚከፋውም ያኔ ነው። ሰዓሊ ቢሉት የማይሥለውን ነገር ሐኪሙ በሃያ ሰከንድ ቅጂ ይረዳዋል።

ለመራገጥና ለመጮህ ደግሞ ቪዲዮ። ዕድሜው የገፋ ሰው ሕልሙን እየኖረ አጠገቡ ያለውን ሰው የሚማታ ከሆነ በቀልድ አይታለፍ። ይህ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1986 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በወጉ የተገለጸ ሲሆን አንዳንዴ ከፓርኪንሰን ዓመታት ቀድሞ ይታያል። ዱካክ ሌላ ነው፤ አእምሮ ነቅቶ ጡንቻ ግን ገና በሕልም እንቅልፍ እንደታሰረ የሚቀርባት ቅጽበት ናት። አልፎ አልፎ ብትመጣ አትጎዳም፤ ጫት ያቆሙ ሰዎች የሚያዩትን ከባድ ቅዠትም በዚሁ ስም ይጠሩታል። እግርዎን ማታ ማታ ዕረፍት የሚነሣ፣ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲራመዱ የሚቀል ስሜት ካለዎት ደግሞ ማሽን አያስፈልግም፤ በእነዚህ ምልክቶች ይታወቃል፤ የብረት ክምችትዎን ማለትም ፌሪቲን እንዲመረመርልዎ ይጠይቁ።

7. የእጅ ሰዓትና የጣት መለኪያ፦ የሚያምኑበትና የማያምኑበት

የእጅ ሰዓት የሚለካው በዋናነት እንቅስቃሴን ነው፤ አዳዲሶቹ የልብ ምትም ይጨምራሉ። ያለ እንቅስቃሴ ነቅቶ የተጋደመን ሰው እንደተኛ ይቆጥረዋል። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰዓቱ «7 ሰዓት ተኝተሃል» ሲለው ይናደዳል፤ መናደዱም ትክክል ነው። የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት ግን በአማካይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ለዚያ ይጠቀሙበት። «ጥልቅ እንቅልፍ 42 ደቂቃ» የሚለውን ግን አይቁጠሩት፤ የአንጎልን ሞገድ ሳያይ የሚሰጥ ግምት ነው። ለዚያ ቁጥር ብለው እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች ስለተገኙ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐኪሞች ለችግሩ ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

በጣት ላይ የሚቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ በተመለከተ ለእኛ ሁለት ልዩ ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው የቆዳ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚሺጋን ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ሲያነብ በደም ምርመራ ከ88 በታች ሆነው የተገኙት ከጥቁር ሕመምተኞች 11.7 ከመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 ከመቶ ነበሩ። መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ላይ ኦክስጅንን አብዝቶ ያነባል ማለት ነው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚኖር ሰው ንባቡ ቆላ ካለው ሰው ዝቅ ቢል ወዲያው ሕመም አይባልም። የሚገርመው፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ቀን ላይ ተለክተው አማካያቸው 95 ከመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ አንድ ንባብ ይዘው አይደንግጡ፣ አይዘናጉም። ለአፕኒያ ትርጉም ያለው ሌሊቱን ሙሉ እየወረደ እየወጣ የሚመላለስ መስመር ነው።

8. ላብራቶሪ ሲታዘዝልዎ

ሙሉው ምርመራ ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ራስ ላይ የአንጎል ሞገድ፣ ዓይን አጠገብ የዓይን እንቅስቃሴ፣ አገጭ ላይ የጡንቻ ውጥረት፣ አፍንጫ ላይ የአየር ፍሰት፣ ደረትና ሆድ ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ ኦክስጅን፣ እግር ላይ የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ልብና ቪዲዮ። ባለሙያው ሌሊቱን በ30 ሰከንድ እየቆራረጠ እያንዳንዱን ቁራጭ ንቃት፣ ቀላል እንቅልፍ፣ ጥልቅ እንቅልፍ ወይም የሕልም እንቅልፍ ብሎ ይሰይመዋል። የሕልም እንቅልፍ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተገኝቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ሌሊቱን ወጥ በሆነ ደንብ መሰየም የተጀመረው ደግሞ በ1968 ነው።

ዝግጅቱ ላይ የእኛ ሰዎች የሚቸገሩበት ፀጉር ነው። ሽቦዎቹ የራስ ቆዳ ይፈልጋሉ። ቅቤ ወይም ዘይት የተቀባ፣ ሂውማን ሄር የተሰፋበት ራስ ላይ ማጣበቂያው አይዝም። ፀጉርዎን ያለ ቅባት ታጥበው አድርቀው ይሂዱ፤ ሹሩባ ካለዎት ቀጠሮ ሲያዝ ይናገሩ፤ መስመሩ ሰፋ ብሎ ቆዳ ከታየ ብዙ ጊዜ ሳይፈታ ይቻላል። ጥቁር ሂና ወይም ደማቅ የጥፍር ቀለም የጣቱን ንባብ ሊያዛባ ስለሚችል ቢያንስ ሁለት ጣት ንጹሕ ይሁን። የዘወትር መድኃኒትዎን ሐኪሙ ካላዘዘ አያቁሙ፤ ከቀትር በኋላ ግን ቡና ይቅር። በባዕድ አልጋ መጀመሪያ ሌሊት እንቅልፍ ይቀንሳል፤ ባለሙያዎቹ ስለሚያውቁት «አልተኛሁምና ምርመራው ከሸፈ» ብለው አይጨነቁ።

ሙሉ ላብራቶሪ በየከተማው አይገኝም። ጥርጣሬው አፕኒያ ብቻ ከሆነ ቤት የሚወሰድ ትንሽ መሣሪያ ሊበቃ ይችላል፤ ጉድለቱን ግን ይወቁት። የአንጎል ሞገድ ስለማይለካ የተኙበትን ሳይሆን የተቀዳበትን ሰዓት ነው የሚያካፍለው። 8 ሰዓት ተቀድቶ የተኙት 5 ብቻ ቢሆን፣ ትንፋሽዎም 100 ጊዜ ተስተጓጉሎ ቢሆን፣ መሣሪያው 12.5 ይላል፤ እውነቱ ግን 20 ነው። በዚህ ምክንያት የቤት ውጤት «የለም» ብሎ ምልክቱ ግን ከባድ ከሆነ ምርመራው በላብራቶሪ እንዲደገም መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቀን ላይ ድንገት የሚጥል እንቅልፍ ካለ ናርኮሌፕሲ ይጠረጠርና በማግስቱ የቀን ምርመራ ይጨመራል፤ በየሁለት ሰዓቱ አራት ወይም አምስት ጊዜ እንዲተኙ ይደረጋል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንቅልፍ ከወሰደዎና ቢያንስ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ወደ ሕልም እንቅልፍ ከገቡ ምርመራው ያንን ይደግፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ 5 ሰዓት ብቻ የተኛ ጤነኛ ሰውም ቶሎ ሊያሸልብ ስለሚችል ሐኪሙ እዚህ ላይም ደብተርዎን ይጠይቃል።

9. ውጤቱን ማንበብና ቀጠሮው

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚፈልጉት በአንድ የእንቅልፍ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ የሚናገረውን ቁጥር ነው። ከ5 በታች ደኅና ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 ጀምሮ ከባድ። አጠገቡ ያለውን ዝቅተኛ የኦክስጅን መጠንና በጀርባ ሲተኙ የተገኘውን ቁጥር ለይተው ይመልከቱ፤ በጀርባ 28፣ በጎን 4 የሚል ውጤት ካለ የአተኛኘት ለውጥ ብቻ ብዙ ሊረዳ ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፍረድ፤ 12 አምጥቶ መሪ ላይ የሚያንቀላፋ ሹፌር፣ 20 አምጥቶ ምንም ከማይሰማው ሰው ይልቅ ያስቸኩላል።

ቀጠሮ ሲሄዱ የ14ቱን ቀን አማካይ በአንድ ገጽ፣ መጠይቆቹን ከነነጥባቸው፣ የድምፅ ቅጂውን ተመርጦ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ይዘው ይሂዱ። ደብተሩ እንቅልፍ ማጣትን ካሳየ ኪኒን ከመቀበልዎ በፊት ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠው የባሕርይ ሕክምና ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀዳሚው ሕክምና እንዲሆን የመከረው ይህንኑ ነው። የሚመራውም በደብተሩ ነው፤ አልጋ ላይ የሚቆዩበት ሰዓት ከደብተርዎ አማካይ ተነሥቶ ይወሰናል፣ በየሳምንቱም ይስተካከላል። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው ይህን የሰዓት ቅነሳ ያለ ሐኪም ክትትል አይሞክረው።

ለአፕኒያ የትንፋሽ ማሽን ከተሰጠዎ ማሽኑ ራሱ የተጠቀሙበትን ሰዓትና የቀረውን የትንፋሽ መቆራረጥ ይመዘግባል፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱን ነቅለው ይውሰዱ፣ ወይም መረጃው በቀጥታ የሚላክ ከሆነ ይጠይቁ። ሕክምናው ምንም ይሁን ምን ከተጀመረ ከወር በኋላ ደብተሩን ለአንድ ሳምንት፣ በዚያው ዓምድና በዚያው የሰዓት አቆጣጠር ደግመው ይሙሉ፤ ኤፕዎርዙንም እንደገና ይሙሉና ከመጀመሪያው ገጽ ጋር አያይዘው ያስረክቡ።